ሣሩ መጨረሻ ይመጣል፦ በከዚራ ጓሮ የጎልፍ ግሪን እንዴት ይሠራል?

የጎልፍ ኳስ ክብደቷ 46 ግራም አይሞላም። የምትገባበት ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተጫዋቹ ከሩቅ ሲመታት የሚያስበው ስለ ርቀትና ስለ ነፋስ ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ኳሷ መሬት ለመሬት በዝግታ ስለምትንከባለል አንዲት ጠጠር ወይም አንድ ተረከዝ የተወው ጎድጓዳ መንገዷን ያስታታል። የእኛ የገና ጨዋታ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ሩሯ በጉቶም በአቧራም መካከል ትሮጣለች። ጎልፍ ግን ለዚህች ለመጨረሻዋ ግፊት ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ ቦታ አለው፤ ግሪን ይሉታል። በትልልቆቹ መጫወቻዎች የግሪን ሣር ቁመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለውን የጎልፍ ክለብ ያየ ሰው ጨዋታው ሰፊ መሬት እንደሚበላ ያውቃል። የምትፈልገው ግሪኑን ብቻ ከሆነ ግን 3 ሜትር በ6 ሜትር ይበቃሃል። ይህን ያህል ባዶ መሬት በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር አሮጌ ግቢዎች ጓሮ ሊገኝ ይችላል። (የድሬ ሰው አንቱታ ስለማይወድ እኔም በአንተ እቀጥላለሁ፤ አንባቢዋ ሴት ከሆንሽ ግሡን አስተካክለሽ ውሰጂው።)

ከዚራ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ሰፈር ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የኩባንያው መሐንዲሶች ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች አሰመሩ፣ በየዳሩም ዛፍ ተተከለ፤ ማዶው መጋላ ሆነ። ቤቱንና ጥላውን ሰው ሠራው። መሬቱን ግን ያመጣው ጎርፍ ነው። ከደንገጎ ተራራ ወገን የሚወርደው ውሃ ሲፈጥን አሸዋና ጠጠር ይጥላል፣ ሲረጋ ደግሞ ልሙን ደለል ያነጥፋል። ስለዚህ በአንዱ ግቢ ስትቆፍር አሸዋ ታገኝና በጎረቤቱ ሸክላ አፈር ሊገጥምህ ይችላል፤ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። የማን ግቢ የትኛው እንደሆነ አካፋ ሳያነሡ አይታወቅም።

መፈተኑ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጣ፣ በውሃ አርጥበህ በመዳፍህ እያሸህ እንደ ገመድ አርዝመው። ሳይበጠስ ቀጥኖ፣ አዙረህ ቀለበት ስታደርገውም ካልተሰነጠቀ ሸክላ ነው። ይበልጥ ልታረጋግጥ ከፈለግህ በመስታወት ብርጭቆ ሩብ አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልተህ በደንብ አማስለውና ጠረጴዛ ላይ ተወው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ውሃው በማግስቱም ካልጠራ ያደፈረሰው የሸክላ ቅንጣት ነው። ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል፦ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ ሙላበት፣ ሲጠጣው እንደገና ሙላ። ቁጥሩን ከሁለተኛው ሙሌት ውሰድ፤ የመጀመሪያውን ደረቅ አፈርና ስንጥቅ ይሰርቁታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንተ ነው።

ሸክላ ውሃ የማያሳልፈው ስለሚጠላው አይደለም፤ ስለሚወድደው ነው። የአሸዋ ቅንጣት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የሸክላ ቅንጣት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ እጅ ያንሳል፣ ቅርጹም ዝርግ ነው። በነዚህ ዝርግ ገላዎች መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ ውሃው ገብቶ ይያዛል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ፣ ደገኞች ዋልካ ወይም መረሬ እንደሚሉት ያለው፣ ውሃውን በቅንጣቱ ውስጥ ሳይቀር ስለሚያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል። ለግሪን ይህ ሁለት ችግር ነው። ክረምት ላይ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይታፈናል፤ በጋ ላይ ደግሞ ያስተካከልከው ሜዳ ራሱን በራሱ ያጎደጉዳል። ኳሷ ሁለቱንም ታያለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «አሸዋ ቀላቅልበት»። አትቀላቅል። ትንሽ አሸዋ በብዙ ሸክላ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት በሸክላ ተከብባ ትቀራለች፤ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ የሚፈጠረው ግን አሸዋ ከአሸዋ ሲነካካ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ከድብልቁ ከሦስት አራተኛ በላይ አሸዋ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ያገኘኸው ነገር ሲደርቅ ግድግዳ የሚለሰንበት ጭቃ ነው፣ ከቀድሞው የባሰ ድርቅ ያለ። ሦስት አራተኛውን አሸዋ ካመጣህ ደግሞ ሸክላውን ለምን ትቀላቅለዋለህ?

ሁለተኛው ስሕተት ደግ ይመስላል፦ ሸክላውን 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ አውጥቶ ጉድጓዱን በአሸዋ መሙላት። ይህ ገንዳ መሥራት ነው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ፈጥኖ ይወርድና ከታች ካለው ሸክላ ጋር ይጋጫል፤ መውጫ ስላልተበጀለት እዚያው ይጠራቀማል። ላዩ ደርቆ ሥሩ የበሰበሰ ሣር ካየህ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ሰሜን ሸዋ፣ ኢነዋሪ ያሉ ገበሬዎች ጎልፍ የሚባል ነገር ሳይሰሙ አግኝተውታል። እዚያ መሬቱ ዋልካ ነው፣ ክረምቱም ከባድ። ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየዛቀ መደብ ያነሣል፣ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዋል። ዘሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ውሃው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱና የእኛው ጎረቤት፣ ያኔ አለማያ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ ያሉበት የምርምር ቡድን ይህንን ልማድ አጥንቶ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርቶበታል፤ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል። ገበሬው ሸክላውን ለመለወጥ አይታገልም። ከፍ ይልበታል፣ ለውሃውም በር ይከፍትለታል። የጓሮ ግሪንም የሚቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ከሸክላው ይጀምራል። ሣሩንና ሥሩን አንሣ፣ ወለሉን ወደምትፈልገው ቅርጽ አምጣው፤ ግሪኑ ላዩ ላይ የሚኖረው ተዳፋት ከታችም በዚያው ልክ ይኑር። ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይበቃል፣ በ6 ሜትር ርዝመት 9 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከመቶ አራት ካለፈ ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ መቆም ያቅታታል። ውሃ ልክና ገመድ ተጠቀም፣ ዓይንህን አትመን። ከዚያ ሸክላውን ጠቅጥቀው፤ አሁን ውሃ አለማሳለፉ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ሆኗል፤ ጣሪያህ ሳይሆን ወለልህ ነውና ውሃውን ወደ ቦዩ ይገፋልሃል።

ቦዩን መሃል ላይ በርዝመቱ ቆፍርና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተበሳሳ ቱቦ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገህ አስተኛበት፣ በሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ። ትልልቆቹ ግሪኖች ላይ በቱቦና በቱቦ መካከል እስከ 5 ሜትር ገደማ ስለሚፈቀድ ለ3 ሜትር ወርድ አንድ መስመር በቂ ነው። የሚወጣውን ውሃ ግን ወዴት እንደምትልከው ቱቦ ከመግዛትህ በፊት ወስን። በድሬ ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ18 ካሬ ሜትር ላይ 720 ሊትር ነው፤ ከሦስት በርሜል ተኩል ይበልጣል። ወደ ጎረቤት አጥር ሥር ከላክኸው ግሪኑ ሳይጠናቀቅ ሽማግሌ ያስፈልግሃል። ደቻቱ ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደበት ከተማ ውሃን ወደ ሌላው ገፍቶ መተኛት ነውርም ነው። ፓፓያ ወይም ሎሚ ካለህ ወደሱ አዙረው፣ ከሌለህ ትከል።

በቦዩና በወለሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፋል፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው፤ ከዚያ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ። ይህ አደራረብ የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣውና እያሻሻለ ዛሬም የሚመክረው ነው። እዚህ ላይ አእምሮን የሚፈታተን ነገር አለ። ጠጠሩ የተቀመጠው ውሃውን ፈጥኖ እንዲያወርድ ብቻ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ውሃውን መጀመሪያ ይከለክለዋል። ማድ ቤት ሄደህ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ ዘፍዝፈህ በመዳፍህ ላይ አጋድመህ ያዘው። ትንሽ ያንጠባጥብና ያቆማል፣ ገና ውሃ የሞላው ቢሆንም። አሁን አቁመው፤ እንደገና ያንጠባጥባል። ስፖንጁም ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ውሃን ወደ ላይ ይስባል፣ ክብደት ደግሞ ወደ ታች፤ ቁመት ሲጨምር ክብደቱ ያሸንፋል። አሸዋውም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያለው ጠጠር ሰፊ ክፍተት ስላለው ውሃውን አይስበውም፤ ስለዚህ የአሸዋው የታችኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ረጥቦ ይቆያል። ዝናብ ሲበዛ ግን ክብደቱ ገፍቶ በጠጠሩ በኩል ይፈስሳል። ለድሬ ፀሐይ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፦ ሲበዛ የሚያፈስስ፣ ሲያንስ የሚቆጥብ ወለል። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን እርጥቡ ክፍል እስከ ሣሩ አንገት ይደርስና ያበሰብሰዋል። «ትንሽ አሸዋ ይበቃል» የሚልህን ግንበኛ በስፖንጁ አስረዳው።

በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ጨርቅ አታንጥፍ፤ ልሙ አፈር እየወረደ ይደፍነዋል። ጠጠሩ ከአሸዋው እጅግ ካልተራራቀ አሸዋው ራሱ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።

ለ18 ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው 5 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል አሸዋ ነው፣ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 6 ብለህ እዘዝ። በድሬ አሸዋ ሲባል የወንዝ አሸዋ ነው። መልካም ነው፤ ሆኖም ለግንባታ የመጣው እንዳለ አይገባም። ለግሪን የሚፈለገው አብዛኛው ቅንጣቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው፤ ስለዚህ የዝንብ መከላከያ ሽቦ በእንጨት ፍሬም ወጥረህ ንፋው። ከዚያ በበርሜል ውሃ ውስጥ ጥቂቱን አማስለህ ተመልከት፤ ውሃው ቡና ከመሰለ ደለሉ ብዙ ነውና እስኪጠራ መታጠብ አለበት። አሸዋው ላይ ሎሚ ጨምቅበት። ከተፍለቀለቀ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ አለበት፤ የከተማዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ አገር መሆኑን ሲሚንቶ ፋብሪካው ይመሰክራል። ጥቂት ኖራ አይከለክልህም፣ በጣም ከፈላ ግን ሌላ ፈልግ፤ ለስላሳው ድንጋይ በጊዜ እየደቀቀ ቀዳዳውን ይሞላዋል። በላይኛው ክፍል ከአሥር አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ብትጨምር ለሣሩ ምግብ ይሆነዋል።

ከሣሩ በፊት ግን ከዚራን ከዚራ ያሰኛት ነገር ይገጥምሃል፤ ጥላ። ኒሙ፣ በሚያዝያና በግንቦት ቀይ የሚለብሰው የድሬዳዋ ዛፍ፣ ሁለቱም ለሰው በረከት ናቸው፤ ለግሪን ሣር ጠላት ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወጥተህ ጥላው የሚያርፍበትን በኖራ ምልክት አድርግ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይ የምነግርህ ሣር አይቆምም። ያን ጊዜ ምርጫው ዛፉን መቁረጥ ከሆነ እኔ ግሪኑን እተወዋለሁ።

ፀሐዩ ካለ ሣሩ ከደጅህ አለ፤ ሰርዶ ነው። ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው፣ በአስፋልት ስንጥቅ ሳይቀር የሚበቅለው ሰርዶ በሞቃት አገር ካሉ ምርጥ የጎልፍ ግሪኖች የብዙዎቹ ወላጅ ነው። አሜሪካዊው የሣር አዳቃይ ግሌን በርተን በጆርጂያ ግዛት ቲፍተን ከተማ ሰርዶን ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ደቃቅ ዘመዱ ጋር አዳቅሎ በ1956 እ.ኤ.አ. ቲፍግሪን የተባለውን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ይበልጥ የደቀቁት ዝርያዎችም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። የአካባቢው ሰርዶ እንደነሱ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ መታጨድ አይችልም። እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ድረስ ግን ይታገሣል፤ ኳሷ ትንሽ ትዘገያለች፣ መንገዷን ግን አትስትም። ለጓሮ ይበቃል ባይ ነኝ።

ዘር አትፈልግ። የሚሳበውን የሰርዶ ግንድ ሰብስበህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖር ቁረጠው፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት በአሸዋው ውስጥ ግማሹን ቅበረው፣ ጫን ጫን አድርገው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ አሸዋ ላዩ ቶሎ ይደርቃልና። የድሬ ሌሊት ሞቃት ስለሆነ ሣሩ አይተኛም፣ በሁለት ወር ገደማ መሬቱን ይሸፍናል። ሲሸፍን ማጨድ ጀምር፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ አትለፍ። የሚሽከረከር ቢላ ያለው ተራ ማጨጃ ዝቅ ሲል ሣሩን ይገሸልጠዋል፤ በእጅ የሚገፋው፣ ቢላዎቹ በጥቅል ላይ የተጠመዘዙት ዓይነት እንደ መቀስ ስለሚቆርጥ እሱን ፈልግ። በየወሩ ቀጭን የተነፋ አሸዋ በትነህ በመጥረጊያ እያስገባህ ብታስተካክል ትንንሾቹ ጎድጓዶች ይሞላሉ። ሜዳውን ልም የሚያደርገው ከማጨዱ ይልቅ ይኸኛው ሥራ ነው።

የውሃው ሒሳብ ይህ ነው። በዚህ ሙቀት ሣሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል፤ በ18 ካሬ ሜትር 90 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ተኩል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ይህን ለሣር ማፍሰስ ከቤተሰብ ጋር ያጣላል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ሳሙና ካልበዛበት ይረዳል። የጉድጓድ ውሃችን ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግር ዓይነት መሆኑንም አትርሳ፤ ጨው በሥሩ እንዳይከማች አልፎ አልፎ በዛ ያለ ውሃ ሰጥተህ በቱቦው ማጠብ አለብህ። በሸክላ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር።

ውሃው ከከበደህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ሸክላው እዚህም ያስቸግራል፦ ካበጠና ከተሰነጠቀ ምንጣፉም አብሮ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ሸክላው ላይ መለያ ጨርቅ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ላዩ ላይ ዜሮ ዜሮ የሚባለው ደቃቅ፣ ከዚያ ምንጣፉ። (ጨርቁ እዚህ ልክ ነው፤ የሚለየው ሸክላንና ጠጠርን ነው።) ኳሷ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግን በግንቦት ቀትር ላይ የፕላስቲክ ሣር ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ባለበት ግቢ አልመርጠውም። ጥላ በበዛበት ግቢ ግን፣ ሰርዶ በማይበቅልበት ቦታ፣ እሱ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሣር ጨርሶ የሌለው ነው። በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ደረቅ አገሮች ውሃ ያጡ ክለቦች ግሪናቸውን በአሸዋ ሠርተው እየጠረጉ ይጫወቱ ነበር፤ እንዳይበተን ያገለገለ ዘይት ይቀላቅሉበት ነበር። ዘይቱን አንተ አታስበው፤ ይህች ከተማ የምትጠጣው ከመሬት ሥር ያለውን ውሃ ነው። ደቃቁን አሸዋ በውሃ ብቻ አርጥበህ ጠቅጥቀው፣ ከጨዋታ በፊት ሰፊ ጣውላ ጎትትበት። ለጀማሪ ይህ ርካሹና ሐቀኛው ግሪን ነው፤ ከታች ያለው ጠጠርና ቱቦ እስካለ ድረስም በሚቀጥለው ዓመት ሰርዶውን ትተክልበታለህ።

ጉድጓዱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ደንቡ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይላል። ቧንቧ ሠሪዎች የ110 የሚሉት የፒቪሲ ቱቦ ከልኩ ብዙም አይርቅም፤ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ወስደህ ጫፉን በሞረድ ስለህ፣ እንጨት እያስደገፍህ በመዶሻ ምታው፣ ሙሉ አፈሩን ይዞ ይወጣል። በአንድ ቦታ ብዙ ቀን አትተወው፣ ዙሪያው በእግር ይረገጣል። በሳምንት አንዴ ሌላ ቦታ ቁረጥ፤ ከአዲሱ የወጣውን ድፍን አፈር ከነሣሩ አምጥተህ በአሮጌው ውስጥ ክተተው፣ ውሃ አጠጣው፣ በተረከዝህ ሳይሆን በጣውላ ደልድለው።